አባት፡ አይታወቅም

አለቃዬ ሚስተር ሃልስቴድ መሬት ለመመዝገብ ወደ ሸንተረራችን በመጣ ቀን «አባትሽ መጥተዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። መጥተዋል አልኩትና የወንዶቹን አግዳሚ ወንበር አሳየሁት። ስድስት ሽማግሌዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ፈገግ ብሎ ሄደና ከመካከላቸው ረጅሙን፣ ጎረቤታችንን አራፕ ኮሮስን፣ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። «ጎበዝ ልጅ ነው ያሳደጉት። ቢሮዬ ያለ እሷ አይሠራም» አላቸው። አስተርጓሚው ዛካዮ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ተረጎመ።

አራፕ ኮሮስ ሳቁ። «ምስጋናው ደስ ይላል፤ ግን የኔ አይደለም» አሉና አጠገባቸው የተቀመጡትን አባቴን በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። «አንተ፣ ተነስ እንጂ። ልጅህን እያመሰገኑልህ እኮ ነው።»

አባቴ ትንባሆአቸውን በጉንጫቸው አዛውረው ተነሱና እጃቸውን ዘረጉ። ሚስተር ሃልስቴድ ጨበጣቸው፤ ግን ወዲያው ወደ እኔ ዞሮ በእንግሊዝኛ «አልገባሽም መሰለኝ፤ የጠየቅሁሽ አባትሽን ነው። እኚህ አሮጊት ናቸው» አለኝ።

«ገብቶኛል» አልኩት።

እኛ ዘንድ ይህ ነገር ማንንም አይገርምም። ወንድ ልጅ ያልወለደችና የመውለጃዋ ጊዜ ያለፈ ሴት ከበረቷ ከብት ነድታ ጥሎሽ ትሰጥና ሚስት ታገባለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድ ናት። ውሃ አትቀዳም፣ እህል አትፈጭም፣ ከወንዶች ጋር ተቀምጣ ትማከራለች። ሚስቷ የምትወልዳቸው ልጆች የእሷ ናቸው። አባት ይሏታል፣ መሬቷንና ከብቷን ይወርሳሉ። ማን አስረገዘ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አሳዳጊ የበደለው ነው። አባቴ ታፕራንዲች ባላቸው ሲርቶይ ከሞቱ በኋላ እናቴን ኮቢሎን በአምስት ከብት አገቡ። እኔና ወንድሜ ኪማይዮ እዚያ ቤት ተወለድን። እስከዚያች ቀን ድረስ አባትሽ ማን ናቸው ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

እንግሊዞች አገራችንን ለቀው ነጻነት ሊመጣ ሁለት ዓመት ያህል ቀርቶት ነበር። መንግሥት መሬቱን ሁሉ በወረቀት ላይ ለማስፈር ተጣድፏል። ስሙ በአዲሱ መዝገብ ያልገባ ሰው አያቶቹ የተቀበሩበትን ቦታ እንኳ የኔ ነው ማለት አይችልም። እኔ በካፕሳቤት ከተማ በአውራጃው ቢሮ ታይፒስትና የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። የመዝገቦቹን አቧራ እጠርጋለሁ፣ የተቀደደ ጀርባቸውን በሙጫ እለጥፋለሁ፣ በየቁጥራቸው እደረድራለሁ። ሥራዬን እወደው ነበር። ይህን ስናገር አሁንም አፍራለሁ።

የእኛ መሬት ከጅረቱ በላይ ያለው አሥራ አራት ኤከር ነው። መሬቱ ይገባኛል ብሎ የቀረበው የሲርቶይ የወንድም ልጅ አራፕ ሌቲንግ ሲሆን የአካባቢው ሹም ነው፤ ደመወዙን ከመንግሥት ይበላል። ያን ቀን ግራጫ ሱፍ ለብሶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነበር የቆመው።

«አጎቴ ሲርቶይ ልጅ ሳይወልድ ነው የሞተው» አለ። «መሬቱ የአባቶቼ ነው። አሮጊቷ አለች፤ እስክትሞት አላባርራትም። አብራት ያለችው ሴት ሠራተኛዋ ናት።»

«የማን ሠራተኛ?» አሉ አባቴ ከተቀመጡበት። «ሌቲንግ፣ በሰርጌ ቀን የዳጉሳ ጠላዬን እስክትንገዳገድ ጠጥተህ አጥሬ ላይ ያስታወክኸው አንተ አይደለህም እንዴ? የሠራተኛ ቅጥር ላይ ነበር የሰከርከው?»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ተንከተከቱ። ሣሩ ላይ የተቀመጡት ሴቶችም አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ሚስተር ሃልስቴድ ወደ ዛካዮ ዞረ። «ምን አሉ?»

«ይቃወማሉ» አለ ዛካዮ።

ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ተነስተው መሰከሩ። ሰርጉን አይተናል፣ ከብቶቹ ሲነዱ ነበርን፣ ልጆቹ የታፕራንዲች ናቸው አሉ። ሚስተር ሃልስቴድ በትሕትና እየነቀነቀ ሰማቸው። ብዕሩን ግን አላነሳም። ሁሉም ተናግረው ሲጨርሱ «አመሰግናለሁ። አሁን ሰነድ እንይ» አለና በመኪናው ይዘነው የመጣነውን የቤተሰብ ቆጠራ መዝገብ እንዳወጣ አዘዘኝ።

መዝገቡን አውቀዋለሁ። ጀርባውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ገልጬው ግን አላውቅም፤ ካልታዘዝኩ የሰው መዝገብ አላነብም። እንዲያ ነበር የተማርኩት። የሸንተረራችንን ገጽ ፈልጌ አገኘሁ።

«ጮክ ብለሽ አንብቢው» አለኝ።

ጮክ ብዬ መናገር አልችልበትም። ሆኖም አነበብኩ፤ ዛካዮም ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ተረጎመ። «ታፕራንዲች፤ ባል የሞተባት፤ ልጅ የላትም። ኮቢሎ፤ ያላገባች፤ ልጆች ሁለት፤ ሴት አንድ፣ ወንድ አንድ። አባት፡ አይታወቅም።»

ማንም አልሳቀም። ያ ቃል ከእኔ አፍ፣ በጎረቤቶቼ ፊት፣ እናቴ በእግሬ ሥር ተቀምጣ እያለች ወጣ። የምነግራችሁ ቁጣ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው። ሰው ሲቆጣ ድምፁ ይለወጣል ይባላል፤ እኔ ጣቶቼ ናቸው የሚቀዘቅዙት። መዝገቡን ለመዝጋት እንኳ ተቸገርኩ።

እናቴ እንድትናገር ተፈቀደላት። ቆጣሪው ከአሥር ዓመት በፊት መምጣቱን ታስታውሳለች። ከሩቅ አገር የመጣ ጸሐፊ ነበር። ዳጉሳ እያበራየች ሳለ ደረሰና የልጆችሽ አባት ማን ይባላል አላት። እኛ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም በአፏ አትጠራም። ስሙ ሲያስፈልግ አጠገቧ ያለ ሰው ይጠራላታል። ያን ቀን አባቴ ገበያ ሄደዋል፤ ጎረቤትም አልነበረም። «ትንሽ ጠብቅ፣ ሰው ይምጣና ይንገርህ» አለችው። እሱ ግን ከመምሸቱ በፊት የሚቆጥራቸው አርባ ቤቶች ነበሩበት። ጻፈና ሄደ።

ዛካዮ ይህን ሁሉ በደንብ ተረጎመ። ሚስተር ሃልስቴድ አዘነ፤ እውነትም ያዘነ ይመስል ነበር። «እንግዲያው አሁን ትናገር» አለ።

«እኔ እናገርላታለሁ» አሉ አራፕ ኮሮስ።

«ከእሷ አፍ መውጣት አለበት። ምስክሯ እሷ ናት።»

አባቴ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ተዪው ኮቢሎ» አሉ በቀስታ። «ይሄ ሰው የሚለውን አያውቅም።»

እናቴ ወደ እኔ አየች። ከዚያ ወደ ኪማይዮ አየች። ወንድሜ ሃያ ዓመት ሞልቶት በዚያው መሬት ላይ የራሱን ጎጆ መሥራት ጀምሮ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ «ታፕራንዲች» አለች።

ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አዞሩ። ሣሩ ላይ ካሉት ሴቶች አንዷ እንደ ታመመ ሰው ቃተተች። አባቴ ሲያፍሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እንደ ቆሙ እግራቸውን ያዩ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ያልተጠራ ስም ነው።

ሚስተር ሃልስቴድ የብዕሩን ክዳን ገጠመ። «እሱ የሴት ስም ነው» አለ። «ከላይ ጽፈነዋል።»

አልጻፈውም። እናቴ ያን ስም አውጥታ ሰጠችው፤ እሱ ግን አልጻፈውም።

ከዚያ ውሳኔውን አነበበ። መሬቱ ለአራፕ ሌቲንግ ይመዘገባል፤ አሮጊቷ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ እዚያው ትኖራለች፤ ይህም ለሰብዓዊነት ሲባል ነው። ተቃውሞ ያለው በስድሳ ቀን ውስጥ በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ የሰነድ ማስረጃ አያይዞ ያቅርብ። ለሚቀጥለው ባለጉዳይ ጥሪ ተደረገ። አራፕ ሌቲንግ ባርኔጣውን ጫነ።

ከማግስቱ ጀምሮ የምሳ ሰዓቴን በመዝገብ ቤት አሳለፍኩ። የምፈልገው በመንግሥት እጅ የተጻፈ አንድ መስመር ነበር። የግብር ደብተር አየሁ፤ የለም። የክርክር መዝገብ አየሁ፤ አባቴ በሕይወታቸው ተከሰው አያውቁም። በአራተኛው ቀን የእንስሳት ሐኪሙ ክፍል ድሮ ያስቀመጣቸው ደብተሮች ያሉበትን መደርደሪያ አስታወስኩ። እኔ ከመወለዴ ከሁለት ዓመት በፊት የከብት በሽታ ገብቶ ነበርና ያለ ፈቃድ አንዲት ጊደር እንኳ ወንዙን መሻገር አትችልም ነበር።

ደብተሩ እርጥበት በልቶታል። ጽሑፉ ግን ይነበባል። «ታፕራንዲች፤ ከብት አምስት፤ ወደ ወንዙ ማዶ። አንዲት ቀይ ጊደር፣ ግራ ጆሮዋ የተተረተረ። አንዲት ጥቁር ላም፣ ግንባሯ ነጭ፣ ያረገዘች። አንድ ዳለቻ ወይፈን፣ በቀኝ ታፋው ላይ ጠባሳ ያለው።» ሌሎቹም እንዲሁ፤ ቀንዳቸው፣ ዕድሜያቸው፣ ጥርሳቸው ሳይቀር። ተቀባይ፡ የእናቴ አባት፣ በሙሉ ስማቸው። ምክንያት፡ ጥሎሽ። ከሥር የአውራጃው ሹም ፊርማና ማኅተም አለ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ደስታ ነበር የተሰማኝ፤ ግን ገጹን ደግሜ ሳነበው ደስታው አልቆየም። የጊደሯን ጆሮ አይተዋል። የወይፈኑን ታፋ ዳብሰዋል። በእነዚያ ከብቶች የተዳረችውን ልጅ ግን ስሟን እንኳ አልጠየቁም። እናቴ በዚህ ሕንፃ ካሉት ወረቀቶች ሁሉ በአንዱ ላይ ተጽፋ የተገኘችው «ያላገባች» ተብላ ብቻ ነው።

ደብተሩን ይዤ ሚስተር ሃልስቴድ ቢሮ ገባሁ። ገጹን በፍላጎት አነበበው፤ መነጽሩን አውልቆ ድጋሚ አነበበው።

«ድንቅ ነው» አለ። «የት አገኘሽው?»

«እኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ምክንያት የሚለውን ይመልከቱት።»

«ጥሎሽ ይላል።»

«አዎ። የሰጡት አባቴ ናቸው።»

«ሚስ ጄላጋት፣ ይህ የእንስሳት ሐኪም ሰነድ ነው። የሚያረጋግጠው አምስት ከብቶች ጤነኛ ሆነው ወንዝ መሻገራቸውን ነው።»

«ለጥሎሽ መሻገራቸውን።»

«በማንና በማን መካከል ላለ ጋብቻ? አየሽ፣ ቅጹ እሱን አይጠይቅም።»

«ጸሐፊው የኛን ሽማግሌዎች ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ይነግሩት ነበር። እርስዎም ሲነግሩዎት አልጻፉትም።»

እንዲህ አድርጌ ለአለቃ ተናግሬ አላውቅም። እሱ ግን አልተቆጣም። ተነስቶ በሩን ዘጋና ዝቅ ባለ ድምፅ እንደ ወዳጅ ያናግረኝ ጀመር።

«ልረዳሽ እፈልጋለሁ። አሮጊቷን ወድጃቸዋለሁ፤ ብርቱ ሰው ናቸው። እናትሽ የሟቹ የሲርቶይ ሁለተኛ ሚስት ነበርኩ ብላ ቃል ትስጥ። ሲርቶይ የልጆቹ አባት ይሆናል፣ ወንድምሽ ይወርሳል፣ ጉዳዩም አበቃ። አራፕ ሌቲንግ ምንም ማድረግ አይችልም።»

«ሲርቶይ እኔ ከመወለዴ ከአራት ዓመት በፊት ነው የሞቱት። ወንድሜ ሲወለድ ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆኗቸው ነበር።»

«የሞቱበት ቀን በየትኛውም መዝገብ የለም» አለ። «አይቻለሁ።»

ደብተሩን አንስቼ ወጣሁ። የተመኘሁት በሩን በኃይል መዝጋት ነበር፤ የለመደ እጄ ግን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ቅዳሜ ወደ ቤት ሄድኩ። ዛካዮ በብስክሌቱ እስከ ግማሽ መንገድ አደረሰኝ። ሲለየኝ «እኔ የታዘዝኩትን ነው የምተረጉመው፣ እህቴ» አለኝ። መንገዴን በእግሬ ቀጠልኩ።

እናቴ ወተት በቅል አቀረበች። ሚስተር ሃልስቴድ ያለውን ሁሉ፣ ምንም ሳልደብቅ፣ ነገርኳቸው። ቀድሞ የተናገረው ኪማይዮ ነው።

«እንበል» አለ። «ምን ቸገረን? ሲርቶይም ይባል ሌላ ሰውም ይባል፣ እኔ የማርሰው ያንኑ መሬት ነው። አባዬ እንደሆኑ አባዬ ናቸው። ወረቀቱን ማን ያነበዋል?»

«እኔ አነበብኩት» አልኩት። «ሰው ሁሉ እየሰማ።»

«አንቺ ደመወዝ አለሽ። እኔ ያለኝ ይሄ ነው።»

እውነቱን ነበር። ሁላችንም ወደ አባቴ አየን። እሳቸው ትንባሆአቸውን ተፉና ሳቅ አሉ።

«ቆይ፣ ይሄ ነጭ» አሉ። «የሞተ ሰው በሰባተኛ ዓመቱ ወለደ ሲባል ያምናል ማለት ነው?»

«ያምናል።»

«እኔ ቆሜ፣ ከብቴን ሰጥቼ፣ አገር ሰክሮልኝ ወለድኩ ስል ግን አያምንም።»

«አያምንም።»

«እሱን ማን ነው ትምህርት ቤት የላከው?» አሉ። ኪማይዮ ሳይወድ ሳቀ። አባቴ ግን ሳቃቸውን አቆሙ። «ሲርቶይ ጥሩ ሰው ነበር። ግን ለኮቢሎ አንዲት ጥጃ አልሰጠም። ስሜን ፍቀው የሱን ቢጽፉ መሬቱ በእጃችን ይቆያል፤ እኔ ግን እዚህ የተቀመጥኩት ማን ነኝ?» ካሉ በኋላ ወደ እናቴ ዞሩ። «ብቻ ቃሉን የምትሰጪው አንቺ ነሽ። ብትዪም አልቀየምሽም። ልጁ ጎጆ ጀምሯል።»

እናቴ ቅሉን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«ስም ጥሪ አሉኝ፣ ጠራሁ» አለች። «በሽማግሌዎቹ ፊት ጠራሁ። እስካሁን ጉንጬ ይቃጠላል። ያን ሁሉ አድርጌ ሳልዋሽ ያልጻፈውን፣ ስዋሽ ሊጽፍልኝ ነው?» ከዚያ ኪማይዮን አየችው። «ሌላ መሬት እናገኝ ይሆናል፤ ላናገኝም እንችላለን። የሌላ ሰው ስም ግን አልጠራም። ከፈለግህ አንተ ተጣላኝ።»

ኪማይዮ ወጥቶ ሄደ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ስለ ነገሩ ግን ዳግመኛ አላነሳም።

ተቃውሞውን ራሴ ጻፍኩ። የደብተሩን ገጽ ቃል በቃል፣ ከጆሮዋ መተርተር ጋር፣ ገልብጬ አያያዝኩ። ያን ጊዜ የመዝገቡን ሌሎች ገጾች ሳልታዘዝ አነበብኩ። በእኛ ሸንተረር ብቻ «ባል የሞተባት፣ ልጅ የላትም» ከሚለው ቀጥሎ «ያላገባች፣ አባት አይታወቅም» የሚል የተጻፈባቸው ሌሎች አምስት ቤቶች ነበሩ። አምስቱንም አውቃቸዋለሁ። በየቤታቸው ዞሬ፣ አባቶቹን ጠይቄ፣ ለእነሱም ጻፍኩላቸው። የሁለቱ ከብቶች በደብተሩ ተገኙ።

ሃምሳ ቀን ቆይቶ ስድስቱም ማመልከቻዎች በአንድ ወረቀት ተመለሱ። «የእንስሳት ሐኪም ሰነድ ለጋብቻ ማስረጃ አይሆንም» ይላል። ሚስተር ሃልስቴድ ወረቀቱን በእጁ ሰጠኝና በዚያው የመጨረሻውን መዝገብ እስከ ዓርብ በንጹሕ እንድተይብ አዘዘኝ።

ተየብኩ። ሰላሳ ሁለት ገጽ ነው፤ አንድም ስህተት የለበትም። የስድስቱን ቤቶች መስመር ግን ባዶ ተውኩት። ዓርብ ሲያገላብጠው አየና «ረስተሻል» አለኝ።

«አልረሳሁም» አልኩት። «ይህን በእኔ እጅ አያጽፉትም።»

አባቴን ባሳየሁት ቀን እንዳደረገው፣ ያልገባኝ ነገር ያለ ይመስል በለሰለሰ ድምፅ አስረዳኝ። የመንግሥት መዝገብ የግል ስሜት ቦታ አይደለም አለ። ወንድሜን እንዳስብ ነገረኝ። ያገለገልኩበትን ሦስት ዓመት ቆጠረልኝ። ጣቶቼ ቀዝቅዘው ነበር፤ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሰማሁትና የታይፕ መኪናውን ከደንኩ።

ስድስቱን መስመሮች ዛካዮ በእጁ ጻፋቸው። ሰኞ ከሥራ ተሰናበትኩ። መዝገቡ መጋቢት ላይ ተዘጋ። ሰብዓዊነት የተባለው ሁለት ወር ቆየ፤ አራፕ ሌቲንግ ግንቦት ላይ ሁለት ፖሊስ ይዞ መጣና አሮጊቷ ብቻዋን መቅረት ትችላለች፣ ሌሎቹ ይውጡ አለ። ኪማይዮ የጎጆውን በር ነቀለ፣ እኔና እናቴ ዕቃ ተሸከምን፣ አባቴም ከፊታችን ከብቶቹን ነዱ።